የሰሜኑ ብርሃን ወሎ አይደርስም፤ ወሬው ግን ይደርሳል

ወሎ ላይ ቆሜ የሰሜኑን ብርሃን (በዋልታ አካባቢ አገሮች ሌሊት ሰማዩን በቀለም የሚሞላውን አውሮራን) አየሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ቀልደኛ ነው፣ ወይ ፎቶውን ያመጣው ከቴሌግራም ነው። እኛ ጋ አይመጣም። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ብታፈጡ የምታተርፉት ጉንፋን ብቻ ነው።

ይሁንና ስለዚህ ብርሃን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ የገዛ ሰማያችንን የማይበት ዓይን ተለውጧል። ያንን ብርሃን የሚያስነሳው ኃይል ወሎን ዘሎ አያልፍም። መልኩን ቀይሮ ይመጣል እንጂ። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ አንድ ቪዲዮ ነው። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ምድርን ከ2003 ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ከባድ የፀሐይ ማዕበል መታት። ጀርመን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ከበረንዳዋ ሆና ቀርጻ ላከችልን። ሰማዩ ሮዝና ቀይ ሆኗል። ከጣሪያዎቹ በላይ ቀጥ ያሉ ጨረሮች ተሰድረዋል። ጠዋት ቡና ላይ ስልኩን ለአክስቴ ሰጠኋቸው። ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት።

«ምንድን ነው የሚነደው?» አሉኝ።

«ምንም አይነድም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ይቺ ልጅ በውድቅት ሌሊት ውጭ ምን ትሠራለች?» አሉና ስኒዎቹን ለቶናው ሰበሰቡ።

በእርግጥ የሚነድ ነገር የለም። ብርሃኑ ያለው ከመሬት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ ነው። እዚያ አየሩ በጣም የሳሳ ስለሆነ እሳት የሚባል ነገር አይታሰብም። ታዲያ ምን ያበራዋል?

ከፀሐይ ሁልጊዜ የሚነፍስ ነገር አለ። የፀሐይ ነፋስ ይሉታል። ነፋስ ይባል እንጂ አየር አይደለም፤ በአብዛኛው ኤሌክትሮንና ፕሮቶን የሚባሉ፣ ቻርጅ ያላቸው የአተም ቅንጣቶች ነው። በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ሲብስበት እጥፍ ይሆናል። የፀሐይ ብርሃን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነፋስ ግን ቀናት ያስፈልጉታል። አንዳንዴ ደግሞ ፀሐይ ቢሊዮን ቶኖች የሚመዝን ደመና በአንዴ ትተፋለች። የዚያን ግንቦት ማዕበል እንዲያ ያከፋው እንዲህ ያሉ ደመናዎች ተከታትለው መድረሳቸው ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረውን ማብራሪያ ሳታነቡት አትቀሩም። ከፀሐይ የመጡ ቅንጣቶች በዋልታዎቹ በኩል ሾልከው ይገባሉ፣ አየሩን ይመታሉ፣ አየሩ ያበራል ይላል። ውሸት ነው አልልም፤ ግን የታሪኩን መሐል ቆርጦ ጥሎታል። ምድር ማግኔት ናት። ማግኔታዊ መስኳ የፀሐይን ነፋስ ፊት ለፊት ያግደዋል። ነፋሱ በበኩሉ መስኩን በቀኑ ወገን ይጨፈልቀዋል፣ በሌሊቱ ወገን ደግሞ እየጎተተ ረጅም ጅራት ያበጅለታል። ጉልበቱ የሚጠራቀመው እዚያ ጅራት ውስጥ ነው። ውጥረቱ ሲበዛ የመስኩ መስመሮች ይበጠሱና እንደገና ይያያዛሉ። ያኔ የተጠራቀመው ሁሉ ወደ ምድር ይወረወራል። ማለትም ብርሃኑ የሚመጣው በአብዛኛው ከጀርባችን ነው፣ ከሌሊቱ በኩል። ይህን ሳነብ ነው ነገሩ የጣመኝ።

ኤሌክትሮኖቹ የመጨረሻውን ግፊት የሚያገኙት ወደ ምድር ሲቃረቡ ነው። በመስኩ መስመሮች ላይ የሚጋልቡ ሞገዶች አሉ። ኤሌክትሮኖቹ እነሱን ተፈናጠው ይፈጥናሉ። ይህ ለብዙ ዓመታት በወረቀት ላይ የቆየ ሐሳብ ነበር። በ2021 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ትልቅ የፕላዝማ (ቻርጅ ያለው ጋዝ) መሣሪያ ውስጥ ሞገዱን ፈጥረው፣ ኤሌክትሮኖች ከሱ ጉልበት ሲወስዱ ለክተው አሳዩ።

አሁን ወደ ቀለሙ። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

የሚፈጥን ኤሌክትሮን ኦክስጅንን ሲመታው አተሙ ጉልበት ይቀበላል። ያንን ጉልበት በብርሃን መልክ መልሶ ማውጣት አለበት። ግን ወዲያው አያወጣም። አረንጓዴውን ለማውጣት በአማካይ ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ይበቃዋል። ቀዩን ለማውጣት ግን ወደ 2 ደቂቃ ይጠጋል። ለአተም 2 ደቂቃ ዘመን ነው። ዝቅ ብሎ፣ አየሩ ጥቅጥቅ ባለበት፣ ያ አተም 2 ደቂቃ ሙሉ ሳይነካ የሚቆይበት መንገድ የለም። ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ መሐል ቆሞ ረጅም ወግ ልጀምር እንደሚል ሰው ነው። አንዱ በትከሻው ይገፋዋል፣ ሌላው ፍየሉን እየጎተተ ያልፍበታል፣ ወጉ ሳያልቅ ይቀራል። የአተሙም ጉልበት በግጭት ያልቅና ብርሃን ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ ቀዩ የሚታየው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ግፊያው በሌለበት ነው። አረንጓዴው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይይዛል። ከታች ጠርዙ ላይ አልፎ አልፎ የሚታየው ሮዝና ወይን ጠጅ ደግሞ የናይትሮጅን ነው።

የአክስቴ ልጅ ቪዲዮ ለምን ቀይ ቀይ እንዳለ ከዚህ ይገባችኋል። ጀርመን ሆነው ወደ ሰሜን ሲያዩ የሩቁ መጋረጃ ታችኛው ክፍል፣ አረንጓዴው፣ በአብዛኛው ከአድማስ በታች ይቀራል። ቀዩ ከፍ ያለ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። ማዕበሉ በጣም ሲበረታ ቀዩ ብቻውን ብዙ አገር ያዳርሳል። በ1859 ኩባና ሃዋይ ድረስ ታይቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጅቷ ራሷ ነገረችኝ። በዓይኗ ያየችው እንደ ስልኩ ደማቅ አልነበረም። አብዛኛው ፈዛዛ፣ ወደ ግራጫ የሚወስደው ነበር። ካሜራው ብርሃኑን ከዓይን ይበልጥ አጠራቅሞ ነው የሚያሳየው። ዓይናችን ደግሞ በጨለማ ቀለም መለየት ይሳነዋል። እና የቱሪስት ፎቶ አይቶ ቆርጦ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው፤ የአውሮፕላን ትኬት ርካሽ አይደለም።

የደቡቡ ብርሃን የዚሁ የሰሜኑ መንትያ ነው። አንዱ የመስክ መስመር ሁለት ጫፍ አለው፣ አንዱ ሰሜን አንዱ ደቡብ። ለረጅም ጊዜ ሁለቱ የመስታወት ምስል ናቸው ይባል ነበር። ከሳተላይት በአንድ ጊዜ ሲታዩ ግን ሁልጊዜ እንደማይመሳሰሉ ተረጋገጠ። ዝናው ያነሰው ተመልካች ስላጣ ነው። ከሥሩ ያለው አንታርክቲካና ውቅያኖስ ነው።

ታዲያ ለምን ወሎ አይመጣም? ብዙ ሰው ብርዱን ምክንያት ያደርጋል። ብርድ ቢሆን ኖሮ ጓሳ ላይ በየዓመቱ እናየው ነበር። ምክንያቱ ማግኔቱ ነው።

ደሴ ፒያሳ ከመንገድ ዳር የገዛኋት ትንሽ ኮምፓስ አለችኝ። ደብተር ላይ አስቀምጣት። መርፌዋ ትንሽ ትወዛወዝና ሰሜንን ትይዛለች። በጎን ዝቅ ብላችሁ ብታዩዋት ከደብተሩ ጋር ትይዩ ሆና ተኝታለች። ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ ላይ እንደልብ የምትዞር መርፌ ብትሰቅሉ ግን 78 ዲግሪ ያህል ወደ መሬት ትዘቀዝቃለች። ኮምፓስ ከሌላችሁ ስልካችሁ ውስጥ የማግኔት መለኪያ አለ፤ የሚያነበው አፕ በነፃ ይገኛል። ከብረት አርቃችሁ ዘርግታችሁ አስቀምጡት። ደሴ ላይ በጠቅላላ 36 ማይክሮ ቴስላ (የማግኔት መስክ የሚለካበት አሃድ) አካባቢ ያለ መስክ ነው። ከዚያ ውስጥ ቁልቁል የሚጎትተው ጥቂቱ ነው። የቀረው ሁሉ አግድም ነው።

ምስጢሩ ይኸው ነው። ኤሌክትሮኖች በመስኩ መስመር ነው የሚሄዱት፤ አቋርጠውት አይወርዱም። ዋልታ አካባቢ መስመሮቹ ወደ መሬት ቀጥ ብለው ስለሚወርዱ መንገድ ይሆኑላቸዋል። እኛ ጋ በላያችን ተጋድመዋል። በእነሱ ላይ የሚሄድ ነገር በላያችን ያልፋል እንጂ አይወርድም። የማግኔቱ ወገብ፣ ማለትም መስኩ ፍጹም አግድም የሚሆንበት መስመር፣ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከወሎም ብዙ አይርቅም።

ይህን የመስክ ነገር ቀድሞ የነቃበት ክርስቲያን ቢርኬላንድ የሚባል ኖርዌያዊ ነው። በ1867 ተወለደ። በ1899 ሰሜን ኖርዌይ ተራራ አናት ላይ ጣቢያ ሠርቶ በዚያ ውርጭ ሲለካ ከረመ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ደግሞ አየሩ በተመጠጠ ሳጥን ማግኔት ያለው ኳስ ሰቅሎ የኤሌክትሮን ጨረር ለቀቀበት። በኳሱ ሁለት ዋልታዎች ዙሪያ ቀለበት ሆኖ አበራ። ለምርምሩ ገንዘብ ለማግኘት በኤሌክትሪክ ቅስት ከአየር ናይትሮጅን አውጥቶ ማዳበሪያ የሚሠራበትን ዘዴ ከአንድ መሐንዲስ ጋር ፈለሰፈ። ኖርስክ ሃይድሮ የሚባለው ኩባንያ በ1905 የተቋቋመው በዚያ ነው። እንግዲህ ማዳበሪያ ተወደደ እያሉ የሚያማርሩት የወሎ ገበሬዎችና የሰሜኑ ብርሃን አጥኚዎች ሳይተዋወቁ የሚጋሩት ታሪክ አላቸው።

ቢርኬላንድ ከሰማይ ወደ ምድር በመስኩ መስመር የሚወርድ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ አለ። እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን አልተቀበለውም። ጅረቱ ላይኛው አየር ውስጥ ብቻ ነው የሚዞረው ብሎ ሞገተ። ቻፕማን ትልቅ ስም ስለነበረው ክርክሩ ወደሱ አደላ። ቢርኬላንድ በ1917 ቶኪዮ ሆቴል ውስጥ ሞተ። ሳተላይት ጅረቱን አግኝቶ እውነቱን ያወጣለት ከሞተ ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ይኸው ቻፕማን ግን ለእኛ ሰማይ ባለውለታ ነው። ቀን ቀን፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በማግኔቱ ወገብ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። በ1951 ስም ያወጣለት ቻፕማን ነው። ስፋቱ ከወገቡ ግራና ቀኝ 3 ዲግሪ ያህል ነው፣ የወሎም ሰማይ ውስጡ ይገባል። በዓይን አይታይም። የማግኔት መስክ በሚለካ መሣሪያ ግን እኩለ ቀን ላይ ጎልቶ ይመጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ የተቋቋመው ከ1957 እስከ 58 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን ነው። የማግኔቱ ወገብ ቅርብ መሆኑ ቦታውን ተፈላጊ አድርጎታል። አሁን ባሕር ዳርም የሚያጠኑት አሉ።

እና ዋልታው ላይ ማዕበል ሲነሳ ምን ይሆናል? የኤሌክትሪክ መስኩ መናወጥ በደቂቃዎች ውስጥ ወገቡ ላይ ይደርሳል። የእኛ ጅረት ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም አቅጣጫውን ይገለብጣል። ሰሜን ሰዎች ካሜራ ይዘው ሲሯሯጡ እኛ ምሳ እየበላን በላያችን ያለው ጅረት ወሬውን ሰምቷል ማለት ነው።

የሰማይ መናወጥን ግን እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አባቴ ማታ ማታ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። የባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ አንቴናውን በሽቦ ከመስኮቱ ብረት ጋር አስሮ። ልክ ጨለማው ያዝ ሲያደርግ ድምፁ ይመጣል፣ ይርቃል፣ ይርገበገባል፣ ከዚያ ፉጨት ብቻ ይቀራል። «አፈኑት!» ይላል አባቴ፣ ሬዲዮውን በመዳፉ እየመታ። አንዳንዴ እውነትም አፍነውት ነበር። ሌላ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሰማዩ ይመስለኛል። አጭር ሞገድ ከሩቅ አገር የሚደርሰን ላይኛው አየር ላይ ባለው ቻርጅ ያለው ንብርብር እየነጠረ ነው። በማግኔቱ ወገብ አካባቢ ፀሐይ እንደጠለቀች ይህ ንብርብር ወደ ላይ ይገፋና ውስጡ ባዶ አረፋዎች ይፈጠራሉ። በእነሱ የሚያልፍ ሞገድ ይበታተናል። ዛሬ በዚሁ ምክንያት የጂፒኤስ ምልክት በምሽት ይንገዳገዳል። ለአብራሪዎች ቀልድ አይደለም። መንገድ ለጠፋው የባጃጅ ሹፌር እንኳ ሰበብ ይሆን ነበር፣ ቢያውቀው።

ማዕበሉ የሚያደርሰው ጉዳት ራሱን የቻለ ረጅም ጉዳይ ነው፤ እኔ ቶሎ ልለፈው። በ1859 የቴሌግራፍ ሠራተኞች ባትሪውን ነቅለው ከሰማይ በመጣው ጅረት ብቻ መልእክት ተላልከዋል። በ1989 መጋቢት ላይ የካናዳዋ ኬቤክ መብራቷ በ90 ሰከንድ ድርግም ብሎ 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት ጨለማ ተቀመጠ። (ደሴ ላይ 9 ሰዓት መብራት ቢጠፋ ማንም ፀሐይን አይጠረጥርም።)

መብራት ስለመጥፋት ካነሳን፣ ጥቅምም አለው። ከተማው ጨልሞ፣ ጨረቃም ሳትኖር ሰማዩን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ጥቁር አይደለም። ምክንያቱ ከዋክብት ብቻ አይደሉም። በ1868 የስዊድኑ አንደርስ ኦንግስትረም የሰሜኑን ብርሃን አረንጓዴ መስመር ብርሃኑ በማይታይበት የሰማይ ክፍልም አገኘው። ቀን ላይ የፀሐይ ጨረር የኦክስጅን ሞለኪውሎችን ይሰነጥቃል። ማታ አተሞቹ ተመልሰው ሲገናኙ የተረፈውን ጉልበት በብርሃን ያወጡታል። ያው ኦክስጅን፣ ያው አረንጓዴ፣ ያው የሞገድ ርዝመት፣ 557.7 ናኖ ሜትር። ልዩነቱ ኤሌክትሮን አለመዝነቡ ነው። ይህ ብርሃን በመላው ዓለም አለ። ደላንታ ላይ አለ፣ ሐይቅ ላይ አለ፣ ባቲ ላይ አለ። እጅግ ደካማ ስለሆነ ዓይን ቀለሙን አይለየውም፤ ካሜራ ግን ይይዘዋል።

ሁለተኛውን ብርሃን ያሳወቁኝ ወረባቦ የሚኖሩ አጎቴ ናቸው። ልጅ ሆነው ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ነበሩ፣ ኪታብ ፍለጋ ከሸኽ ሸኽ ዞረዋል። ስለ ሰሜኑ ብርሃን ሳወራላቸው ጥቂት አዳመጡና «አብሽር፣ እኛም አለን» አሉኝ። ጎህ ከመቅደዱ በፊት በምሥራቅ ብርሃን ይነሳል። ከአድማሱ ወደ ላይ ሾጠጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ይጠፋል። ፈጅር ካዚብ ነው፣ ውሸተኛው ጎህ። እውነተኛው በአድማሱ ላይ ወደ ጎን እየሰፋ የሚመጣው ነው። «በመጀመሪያው የሰገደ ሱብሂን ይደግማታል። ጾመኛም በሱ ሱሑሩን አይተውም» አሉ። የቀበሮ ጅራት፣ የተኩላ ጅራት የሚሉት እንዳሉም ነገሩኝ።

ይህ ብርሃን የጠፈር አቧራ ነው። ፕላኔቶች በሚዞሩበት ገበታ ላይ የተበተነ ደቃቅ አቧራ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ያ ገበታ በአድማሱ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ጎልቶ ይታያል። ኖርዌይ ላይ ይጋደምና በጭጋግና በወጋገን ይዋጣል። በዚህ በኩል ዕድለኞቹ እኛ ነን። ቢርኬላንድ ራሱ በመጨረሻ ዘመኑ ይህን ብርሃን ለማየት ወደ ግብፅና ሱዳን ወርዷል። ከኤሌክትሮን የመጣ መስሎት ነበር። አልሆነም፤ አቧራ ነው። የሰሜኑ ብርሃን ሰው ግን አጎቴ በልጅነታቸው ያወቁትን ብርሃን ፍለጋ ጎረቤታችን ድረስ መምጣቱን ስነግራቸው ሳቁ። «መስጊድ ገብቶ ቢጠይቅ ይነግሩት ነበር» አሉ።

ለማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ጥቅምትና ኅዳር ነው ወቅቱ፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጠርቶ። ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጡ። ቢስቲማ አካባቢ ከደጋው ጠርዝ ላይ ሆናችሁ ወደ አፋር ብታዩ ከፊታችሁ የከተማ መብራት ብዙም የለም። ካሜራ ወይም ሌሊት የሚያነሳ ስልክ ያለው ድንጋይ ላይ ያደላድለውና ከአድማሱ ትንሽ ከፍ አድርጎ 30 ሰከንድ ያህል ይክፈተው። ምሥራቁን ካነሳችሁ በኋላ ወደ ሰሜንም አዙሩት፤ አረንጓዴ ጥላ ካገኛችሁ ያ ኦክስጅን ነው። ጋቢ ያዙ። የስልካችሁን ደወል ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሙሉት፤ 11 ሰዓት ካለፈ እውነተኛው ጎህ ይቀድማችኋል።